ባለሁለት ፊደሏ ሩት

የሩት ባል ሙሉጌታ ሲደውልልኝ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለልኩ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ያዝኩት።

«ወይኒ፣ ሩት...» አለኝ፤ አልጨረሰውም። ለወራት ስንፈራው የከረምነው ነገር ስለነበር ሌላ ቃል አላስፈለገም።

«እሺ፣ መጣሁ» አልኩት።

ሙሽራዋ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «ምነው? ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አለች። «አይ፣ አይዞሽ» ብዬ መጠቅለሌን ቀጠልኩ። ስጨርስ ማድረቂያ ካስክ ውስጥ አስገባኋት፤ ቀሪውን ለሥራ ባልደረባዬ አደራ ብዬ ወጣሁ። ሩት በእኔ ቦታ ብትሆን እንደዚያው ነበር የምታደርገው። «ሰው ራሱን አምኖ ሰጥቶሽ ግማሽ ላይ ጥለሽው አትሄጂም» ትል ነበር።

ሩትና እኔ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ፣ አንድ ጠባብ ፀጉር ቤት በጋራ ተከራይተን ዕድሜያችንን እዚያ ነው የጨረስነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ መታጠቢያ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት። ስንጀምር ሁለታችንም ገና ልጅ እግር ነበርን። እሷ አጠር ያለች፣ ደንዳና፣ ሳቋ ግን ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ማበጠሪያዋን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትረሳውና ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች። የሰው ራስ ላይ ውሃ ከማፍሰሷ በፊት ሁልጊዜ በራሷ የእጅ አንጓ ላይ ትሞክረው ነበር፤ እናት የሕፃን ወተት እንደምትሞክር። የተበላሸ ቁርጥ ይዛ እያለቀሰች ለምትመጣ ሴት ሁሉ አንድ መልስ ነበራት፤ «ፀጉር ነው፣ ይበቅላል።» ባሏ ለከዳትም፣ ሥራ ላጣችም ያንኑ ትላለች። ንግግሩ ስለ ፀጉር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ስሟ ግን ሰው አያምነውም። አዲስ ደንበኛ ሁሉ «ሩት ማን? ሙሉው ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

«ሙሉው ይኸው ነው። አልቋል።»

«የምን ምህጻር ነው ታዲያ?»

«ኪስ ውስጥ ስለገባ ነው ያጠረው» ትልና ታሪኩን ትጀምራለች። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ አላውቅም፤ ግን በየጊዜው ሥራዬን አቁሜ ነበር የምሰማት።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ዘመኑ ጴንጤ የሚባል ሰው መጋረጃ ዘግቶ በሹክሹክታ የሚጸልይበት ዘመን ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በእጅ ይዞ መታየት ራሱ ጣጣ ስለሚያመጣ፣ አባቷ አንድ ያረጀ መጽሐፋቸውን በየክፍሉ ገንጥለው፣ መንገድ ሲወጡ አንዷን ክፍል ብቻ አጣጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይይዙ ነበር። እናቷ ምጥ በያዛት ቀን ኪሳቸው ውስጥ የነበረችው መጽሐፈ ሩት ናት። አራት ምዕራፍ። ከማዋለጃው ክፍል ውጪ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሰው ሲያልፍ እያጠፏት፣ ሰው ሲርቅ እየዘረጓት፣ ጨርሰው ደግሞ ከመጀመሪያዋ ጀመሩ። ነርሷ ወጥታ «ሴት ናት» ስትላቸው «ሩት» አሉ። ነርሷ የሚስታቸው ስም መስሏት «ደህና ናት» ብላ አለፈች ይባላል።

«እግዜር ሲያተርፈኝ ነው» ትል ነበር ሩት። «በዚያ ቀን ዕንባቆም ኪሱ ውስጥ ቢሆንስ?» ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል።

ሩት ያደገችው ዘነበወርቅ ነው። መጀመሪያ ያገባችው ግን ቀራንዮ፣ መስፍን የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የኦርቶዶክስ ልጅ። ሁለቱም ቤተሰብ አኮረፈ። የመስፍን እናት እማማ ጥሩወርቅ ከጎጃም የመጡ፣ ባላቸውን ቀድመው የቀበሩ፣ ከመስፍን ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ነበሩ። ፊታቸው ጠይም፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ ቃላቸው ደግሞ እንደ ሚጥሚጣ። ሩት ቤታቸው የገባች ዕለት ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ስምሽ ማነው?» አሏት።

«ሩት።»

«ሌላው የት ሄደ?»

«ሌላ የለውም እማማ።»

«ኧረ አፌ ሳይሞላ አለቀ!» አሉ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረው። «ስም ማለት እንደ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራ ነገር ነው። ጥሩወርቅ ብለሽ ስትጠሪኝ እናቴ ምን እንዳሰበች ታውቂያለሽ። ይኼ ምንድነው? ሁለት ፊደል? ሰው እኮ በርቀት ሲጠራሽ ነፋስ ይወስደዋል።» ከዚያ በአገራቸው ወግ አማት ለሙሽራ ስም ታወጣለችና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ብርቅነሽ ነሽ» አሏት።

ሩት አልተቆጣችም። «እሺ እማማ» አለች። «ብርቅነሽ ሲሉኝም አቤት እላለሁ፣ ሩት ሲሉኝም አቤት እላለሁ። እርስዎን ደስ እንዳለዎት።»

እማማን ደስ ያላቸው ብርቅነሽ ነበር። ለዓመታት ሌላ ስም ከአፋቸው አልወጣም።

መስፍን ብዙ አልቆየም። ጉበቱን አሞት፣ ከታወቀበት በኋላ አንድ በጋ እንኳን ሳይሞላ አረፈ። ልጅ አልወለዱም ነበር። እማማ ፀጉራቸውን ላጩ፤ ጥቁር ለበሱ። ሩት ከእኔ ጋር ትሠራለች፣ ሲመሽ ወደ ቀራንዮ ትመለሳለች። ቤተሰቦቿ ለወጉ ሲሉ ታገሡ። የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን ታላቅ ወንድሟ ዕቃዋን ሊጭን ታክሲ ይዞ መጣ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ለማዘን ይሁን ለማገዝ ሳይገባኝ እሁድ ጠዋት ነበር የሄድኩት።

እማማ ለሐዘን የላጩት ፀጉር አድጎ ነበር። ሩት ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሹሩባ እየሠራችላቸው ነው። ወንድሟ ቆሞ «ሩትዬ፣ ታክሲው እየጠበቀ ነው» አላት።

«ግማሽ ላይ ነኝ። ልጨርስ።»

እማማ ቀና ሳይሉ «ሂጂ ልጄ» አሏት። «እኔ ምን አለኝ? ሌላ ልጅ አርግዤ አልሰጥሽ። ወጣት ነሽ፤ ቤትሽ ሂጂ፤ ሰው አግቢ። እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ እስካሁን ያደረግሽው ይበቃል።»

ሩት አልተነሳችም። ሠራች። ጨረሰች። ራቅ ብላ አየችው። «አልወደድኩትም» አለችና በሙሉ ፈታችው። ወንድሟ ተቀመጠ። እንደገና ሠራች፤ የግራውን ጎን «ጠመመ» ብላ እንደገና ፈታች። ታክሲ ነጂው ክላክስ ያደርጋል። እማማ «ኧረ አንቺ ልጅ ራሴን ጨረስሽው!» ብለው ይጮኻሉ። በሦስተኛው ላይ ወንድሟ ገባው። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠበት። ተነስቶ ግንባሯን ሳማት፤ ጎንበስ ብሎ የእማማን ጉልበት ሳመ፤ ባዶውን ታክሲ ይዞ ሄደ።

ይህ ወሬ ቤተ ክርስቲያኗ ደረሰ። ሴቶቹ ሲያገኟት «የመጽሐፏ ሩት!» እያሉ ያቅፏት ጀመር። ይኼን አትወደውም ነበር። «ያቺ አገሯንና ሕዝቧን ጥላ፣ በረሃ አቋርጣ ነው የሄደችው» ትላቸዋለች። «እኔ ከዘነበወርቅ ቀራንዮ ነው። በታክሲ።»

አንድ ቀን ብቻችንን ፎጣ እያጠፍን «የምርሽን ንገሪኝ፤ ለምን ቀረሽ?» አልኳት። ፎጣውን አራት ቦታ አጠፈችና ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ወይኒ፣ እናቴ ቤት ብገባ ስለ መስፍን ከማን ጋር ነው የማወራው? እነሱ ስሙን ካነሳሁ 'ተይ፣ አትረብሺ' ይሉኛል። እማማ ግን ሹራቡን እንዴት እንደሚለብስ፣ ሻይ ሲጠጣ እንዴት ድምፅ እንደሚያወጣ ያውቃሉ። እሳቸውም ከእኔ ሌላ የሚያወሩት ሰው የላቸውም። ለጽድቅ መስሏችሁ ነው? እኔ ለራሴ ነው።»

ሩትን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሌላም ቀን አለ። ቅዳሜ ነው፤ ሱቁ ሞልቷል። አንዲት እናት ነጠላቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው በሩ ላይ ቆሙ። ሩት ስታያቸው «እትዬ ብዙ!» ብላ ዘለለች። የልጅነት ጎረቤቷ ናቸው፤ ከዘነበወርቅ ነው የመጡት። በወጣትነታቸው የያዛቸው የሥጋ ደዌ ጣቶቻቸውን አሳጥሮባቸው ነበር። ከዳኑ ዘመን አልፏል፤ ሆኖም እጃቸውን ከሰው ዓይን መደበቅ ልማድ ሆኖባቸዋል። ሩት አቅፋ ወንበሯ ላይ ስታስቀምጣቸው ነጠላው ወረደ። ተራ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ዘናጭ ወጣት ብድግ አለች።

«እኔ ከዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አለች፤ ቀስ ብላ ግን ሁሉም እንዲሰማ።

እኔ ደሜ ፈላ። ሩት ግን ዞር ብላ በዚያው ለስላሳ ድምጿ «እሺ የኔ ቆንጆ፤ ሌላ ቀን ነያ» አለቻት። ከዚያ ውሃውን በእጅ አንጓዋ ሞከረች፣ የእትዬ ብዙን ራስ አቀርቅራ ማጠብ ጀመረች። እያጠበች፣ ለማንም ሳይሆን ለሁላችንም፣ ታወራለች። «ሹሩባ የተማርኩት በእሳቸው ራስ ላይ ነው። እናቴ ራሷን አታስነካኝም፤ አክስቶቼም ያባርሩኛል። እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚሰጡኝ። ጎትቼ ሳሳምማቸው 'ጎበዝ፣ ጎበዝ' ይሉኛል። እሳቸው ባይታገሡኝ ኖሮ ዛሬ እናንተ ሁላችሁ ማን ጋር ትሄዱ ነበር?»

እትዬ ብዙ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ። ወጣቷ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች። ወጣ ብላ ተመለሰች። በመጨረሻም መጥታ ተቀመጠች፤ ተራዋ ሲደርስ እዚያው ወንበር ላይ ተሠራች። ሩት አንድም ቃል አልጨመረችባትም። እንዲያውም ከሌላው ቀን የበለጠ አሳምራ ሠራቻት።

የእማማ ነገር ግን በስም ላይ አልላላም ነበር። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው ለጠበል ጻዲቅ መጡ፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። ሩት ለእጅ ማስታጠቢያ ውሃ ይዛ ስትቀርብ ቄሱ «ስምሽ ማነው ልጄ?» አሏት። እሷ ከመናገሯ በፊት እማማ ቀደሙ።

«ብርቅነሽ ነው ያልኳት አባ። አባቷ ያወጡላትን አይጠይቁኝ፤ ሁለት ፊደል ነው፤ የእነዚያ የጴንጤዎቹ ስም ነው።»

«ማን ቢሏት ነው?»

«ሩት።»

ቄሱ እጃቸውን እንደዘረጉ ሳቁ። «ጥሩወርቅ፣ ይኼ እኮ የእኛም ስም ነው! መጽሐፈ ሩት በእኛ ዘንድ ስንት ዘመን ሲነበብ ኖሯል።»

«ምን ማለት ነው ታዲያ?» አሉ እማማ፣ ገና ሳይሸነፉ።

«ሊቃውንቱ ሁለት ይሉታል። አንዳንዱ ወዳጅ፣ ባልንጀራ ማለት ነው ይላል። ሌላው የረካች ማለት ነው ይላል። በእኛም ግዕዝ ረወየ ማለት ጠጥቶ ረካ ማለት ነውና፣ እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ።» ውሃው በጣቶቻቸው መሀል ይፈስሳል። «ሴቲቱ ሞዓባዊት ናት። ከሌላ ሕዝብ፣ ከሌላ አምልኮ የመጣች። ባሏ ሲሞትባት አማቷን አልለይም ብላ ተከትላ መጣች። የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት እሷ ናት። ጌታም በሥጋ የተወለደው ከዚያ ዘር ነው።»

«ባዕድ ሆና?»

«ባዕድ ሆና።»

እማማ ተነስተው ምግቡን አቀረቡ። ከሳምንት በኋላ ሩት ሱቅ ስትገባ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ገባ። «ወይኒ፣ ታምኚኛለሽ? እኔ ቤት የሌለሁ ሲመስላቸው ስሜን ይለማመዳሉ። ጓዳ ውስጥ ሆነው 'ሩት' ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ 'ሩት' ይላሉ። ልክ አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው።» ፊት ለፊት ግን አሁንም ብርቅነሽ ነች።

ዓመታት ሄዱ። የሱቃችን ወለል ተሰነጣጠቀና ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው አስጠራን። ሙሉጌታ የመጣው እንዲህ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ላጤ፣ ቁጥብ፣ እሱም ጴንጤ፣ ሥራው ጥንቅቅ ያለ። ወለሉን ጨርሶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ «አንዷ ሴራሚክ የተነሳች ስለመሰለኝ ልያት ብዬ ነው» አለ። አልተነሳችም። በሌላው ሳምንትም መጣ። ያቺን አንዲት ሴራሚክ እየመጣ በጣቱ መታ መታ የሚያደርጋት ለስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፤ ደንበኞቹ ሁሉ ገብቷቸው «ኧረ ሩት፣ ወለሉ ታሟል!» እያሉ ይስቁባታል።

በመጨረሻ ጠየቃት። እሷም ትወደው ነበር፤ አውቃለሁ። ግን እምቢ አለች። «እማማን ማን ላይ ጥዬ?»

«ይዘሻቸው ነይ።»

«ከቀራንዮ ንቅንቅ አይሉም። እኔም ከእሳቸው።»

ሙሉጌታ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ለአንድ ክረምት ያህል አልመጣም፤ ሩትም ማበጠሪያዋን ጆሮዋ ላይ ረስታ ስትፈልግ እንደ ድሮው አትስቅም። ይህን ሁሉ ለእማማ ማን እንደነገራቸው አልታወቀም፤ ከደንበኞቹ አንዷ ትሆናለች። አንድ ጠዋት ብቻቸውን ከዘራቸውን ይዘው ሱቅ መጡ። መጥተው አያውቁም ነበር። መታጠቢያው ላይ ጋደም አሉና ውሃው ራሳቸው ላይ እየፈሰሰ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

«ሰው ፈልጎሽ ነበር አሉ።»

ሩት እጇ ቆመ። «ተዉት እማማ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«አላለፈም። ምን ሆነሽ ነው እምቢ ያልሽው?»

«ደስ አላለኝም።»

«አትዋሺኝ! ሳሙናው ዓይኔ ገባ እንጂ አልታወርኩም።» ተነስተው ተቀመጡ፤ ውሃው አንገታቸው ላይ ይወርዳል። «ስሚኝ። የእኔን ሞት እየጠበቅሽ እንድታረጂ አልፈልግም። የእኛ ዘር ሴት ደግሞ ቶሎ አትሞትም። እናቴ ጥርሷ ሁሉ አልቆ እንኳን አልሞተችም። መስፍንን የቀበርነው አብረን ነው፤ አንቺን ግን ከእሱ ጋር አልቀበርኩም። ሰውየው ሽማግሌ ይላክ። ሌላ ቦታ አይደለም፣ ወደ እኔ ይላክ።»

የሩት አባትና እናት በዚያን ጊዜ አርፈው ነበር። ወንድሟ ሲሰማ «ከእሳቸው የተሻለ ማን ይሰጣታል?» አለ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ከሰዓት ነው። ሦስቱም ከሙሉጌታ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስቱም ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ሦስቱም እማማን የፈሩ። እማማ ጠላ አላቀረቡም፤ እንደማይጠጡ ያውቃሉና ለስላሳ አስገዝተው ነበር። ወንድሟ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተቀምጠናል። ሩት ጓዳ ሆና ትሰማለች። ትልቁ ሽማግሌ እንደ ወጉ ተነስተው ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ሲባሉ «ጉዳያችንን ሳንጨርስ አንቀመጥም» አሉ። ልጃችን ልጃችሁን ብሎ ልኮናል አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «የእህታችንንም ስም ከእርስዎ አፍ ብንሰማ።»

እኔ ብርቅነሽ የሚለውን ስጠብቅ ነበር። እማማ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«የልጄ ሚስት ናት» አሉ። «ልጄ ሞቷል። ስሟ ሩት ነው። አባቷ ናቸው ያወጡላት። አጭር ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ትርጉሙ ግን ረጅም ኖሯል።» ወደ ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ። «አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ስትስቅ ዝም በይ እንዳይላት።»

ከጓዳ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። ስሄድ ሩት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። «ሰማሻቸው?» አለችኝ። «ወይኒ፣ በሰው ፊት ጠሩኝ።»

ሙሉጌታ ወደ እማማ ግቢ ገባ፤ የኋላውን ክፍል ራሱ አድሶ እዚያ ኖሩ። የመጽሐፏ ሩት ወልዳ አማቷ ሕፃኑን አቅፋለች። የእኛዋ ሩት አልወለደችም። ጠበቁ፣ ጸለዩ፣ ሐኪም ዘንድ ተመላለሱ፤ በኋላ ተዉት። «ሁሉም ነገር እንደ መጽሐፉ ቢሆን አባቴ ይኮራብኝ ነበር» አለችኝ አንዴ። ሁለቱ ግን ደስተኞች ነበሩ። ማታ ማታ ሳቋ የቀራንዮን ግድግዳ አልፎ ይሰማል እያሉ ጎረቤቶቿ ይነግሩኝ ነበር።

ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ካንሰር ሆነ። ኬሞውን ስትጀምር ፀጉሯ በእጄ ላይ ቀረ። ሱቅ መጥታ በራሷ ወንበር ተቀመጠችና «ላጪኝ» አለችኝ። እኔ መላጫውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በመስታወቱ አየችኝ። «ምንድነው እሱ? ፀጉር ነው፣ ይበቅላል።» ሁላችንም አለቀስን፤ ሁላችንም ሳቅን፤ ላጨኋት።

ደግሞም በቀለ። ለስላሳ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ እንደ ጫጩት ላባ። በዚያ ፀጉር አንድ ጥሩ ዓመት ኖረች፤ እየሠራች፣ እየሳቀች። ከዚያ በሽታው ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ጉበቷ ላይ ነበር። ፀጉሯ እንዳማረ ነው የሄደችው።

ቀብሩ ላይ እማማ መሄድ የለባቸውም ያለ ነበር፤ እግራቸው ከድቷቸዋል፤ ደግሞ የጴንጤ መቃብር ነው። ማንንም አልሰሙም። ሙሉጌታና ወንድሟ በሁለት ወገን ደግፈዋቸው ከፊት ተቀመጡ። መዝሙሩ ሲዘመር ከንፈራቸውን ገጥመው አዳመጡ። ፓስተሩ የሚናገር ሰው ካለ ሲል እማማ ተነሱ።

«እኔ መናገር አላውቅም» አሉ። «ከእሷ ጋር መኖር ግን አውቅበት ነበር። ረክቻለሁ።» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሙሉጌታ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ይጠይቅ ነበር። በሥጋ ከእማማ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እህቱ ከሆለታ መጥታ «ና፣ እዚያ ቤት ምን አለህ? አንተን ማን ይጦርሃል?» አለችው። እማማም «ይሂድ፣ ውሰጂው» አሏት። እሱ ግን እህቱን ምሳ አብልቶ፣ ፌርማታ ድረስ ሸኝቶ ተመለሰ። በማግስቱ ሥራ ሄደ፤ ማታ ዳቦ ይዞ ገባ። በዚያው ቀጠለ። ስለ ነገሩ ማንም ሲያወራ አልሰማሁም።

ባለፈው ወር፣ በመድኃኔዓለም ቀን፣ እኔም ለመሳለም ቀራንዮ ሄጄ ነበር። ዝናብ ያካፋል። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ከአጥሩ ውጪ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሙሉጌታን አየሁት። ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በሌላው እጁ የእማማን ጫማ በፌስታል ይዞ፣ የሚገባውን የሚወጣውን ሰው እያየ ቆሟል። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ግን ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነበር። እማማ ከዘራቸውን እየተከሉ በበሩ ሲወጡ ወደ እሳቸው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀላቸው፤ ጃንጥላውን ከራሳቸው በላይ ያዘው። የእሱ ትከሻ ዝናብ ላይ ቀረ።

አብረዋቸው የሚወጡ አንዲት ሴትዮ፣ ለሰፈሩ አዲስ ይመስላሉ፣ አየት አደረጓቸውና «የታደሉ ነዎት እማማ፤ ልጅዎ ነው?» አሏቸው።

እማማ ጥሩወርቅ በሙሉጌታ ክንድ ተደግፈው ቆሙ። ወደ ላይ አንጋጠው ፊቱን አዩት።

«የልጄ ባል ነው» አሉ።